አባቴ ያላለቀሰለት ባቡር

አልበማችን ከወጣ ሦስት ሳምንት ሞላው። ከዘጠኙ ዘፈኖች ሰባቱ ፈጣን ናቸው፤ ቁጭ ብሎ ሊሰማቸው የጀመረ ሰው ትከሻው ብዙ አያስቀምጠውም። ከአራት ዓመት በፊት ባወጣናቸው አምስት የኀዘን ዘፈኖች የሚያውቁን ሰዎች ታዲያ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ባገኙኝ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ምን አገኛችሁ?» ሎተሪ የወጣልን ይመስላቸዋል። ምንም አላገኘንም። ድራመራችን ዛሬም ቀኑን የሚያሳልፈው ሞባይል ሲጠግን ነው፤ እኔም ቤዝ ጊታሬን የማነሣው ከሥራ መልስ፣ ፀሐይዋ ከበረደች በኋላ ነው። ለውጡ የመጣው ሳቢያን ካለው የአባቴ ቤት በረንዳ ነው። ያንን ምሽት ከዓመት በላይ በልቤ ሳመላልሰው ስለቆየሁ፣ ለጠያቂዎቼም ለራሴም በጽሑፍ ልመልስ ብዬ ተነሥቻለሁ።

ኀዘን ቁም ነገር ሲመስለን

ባንዳችን አራት ሰው ነው፤ ድምፃዊት፣ ሊድ ጊታር፣ ድራምና እኔ። የምንጫወተው ኢንዲ ሮክ ነው እንላለን። ኢንዲነት ወደ ድሬ አነጋገር ሲመለስ የስፒከሩን ኪራይ ከራስ ኪስ መክፈል ማለት ነው። አሳታሚ የለንም፤ ማናጀር የለንም፤ ዘፈኑን የምንደርሰውም፣ የምንቀዳውም፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ የምንጭነውም እኛው ነን። ሮክና የአማርኛ ግጥም እንደሚጣጣሙ ጃኖ ባንድ ቀደም ብሎ ስላሳየ በዚያ በኩል የሚከራከረን ሰው አልነበረም። በራስ ኪስ ሙዚቃ ማውጣትም ቢሆን በእኛ የተጀመረ ነገር አይደለም፤ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ አምሃ እሸቴ ክልከላውን ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ ባያቋቁም ኖሮ ዛሬ ዓለም የሚቀባበለው ብዙው ዘፈን ከምሽት ክበቦቹ ግድግዳ ባላለፈ ነበር። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ፣ እነዚያ ሸክላዎች በአብዛኛው ለሚጨፍር ሰው የተሠሩ መሆናቸው ነው። እኛ ድፍረቱን ስንወርስ ጭፈራውን እዚያው ትተነው መጣን።

ለምን እንደተውነው አሁን ይገባኛል። በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሙዚቀኛ ትልቁ ፍርሃቱ ቀልደኛ መባል ነው፤ በተለይ ድሬ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ቀልድ አዋቂ በሆነበት ከተማ፣ ቁም ነገረኛ መስሎ ለመታየት ከማዘን የተሻለ አቋራጭ መንገድ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዘፈኖች በሙሉ በትዝታ ማይነር ሠራናቸው። ይህ ቅኝት ከወንድሙ ከትዝታ ሜጀር የሚለየው ሁለት ድምፆች በግማሽ ቶን ዝቅ በማለታቸው ብቻ ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ሁለት ድምፆች ዝቅ ሲሉ ቤቱ ሁሉ ይጨልማል፤ ጊታር አንሺው ምንም ሳያስብ ያሰበ ይመስላል። እኛም ያሰብን መሰለን።

ድሬ ውስጥ አዲስ ዘፈን የሚፈተነው በባጃጅ ነው። ሾፌሩ ከወደደው ቀኑን ሙሉ ከሳቢያን እስከ መጋላ፣ ከመጋላ እስከ ከዚራ ያስደምጥልሃል፤ ከጠላው ግን አንድ ዙር ሳይሞላ ይቀይረዋል። ያን ጊዜ አምስቱን ዘፈኖች በፍላሽ ገልብጠን ለምናውቃቸው ሾፌሮች አደልን። በሳምንቱ አንደኛው ፍላሹን መለሰልኝና ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ከልቡ ተጨንቆ፣ «ደህና ናችሁ ግን?» አለኝ። እኔ ይህን እንደ ሙገሳ ቆጥሬው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሁለተኛውን ሥራ ስንጀምር መጀመሪያ የጻፍኩት ዘፈን ስለ ባቡሩ ነበር። አባቴ 31 ዓመት ምድር ባቡር ውስጥ በጥገና ክፍል ሠርቷል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚመጣው የድሮው ባቡር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲቋረጥ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን አባቴን ነው፦ ከሰዓት በኋላ ሽርጡን አገልድሞ በረንዳው ላይ የሚቀመጠውን፣ ረጅም ጊዜ ዝም የሚለውን፣ ቡናማ የቆዳ ቦርሳውን ሳይከፍት በዘይት የሚወለውለውን። ከዚህ ሁሉ አንድ ግጥም ወጣ። የዛገ ሐዲድ አለበት፤ ጭር ያለ ጣቢያ አለበት፤ ባቡር ሳይመጣ ባንዲራውን ጠቅልሎ የያዘ ሰው አለበት። በደቂቃ 72 ምት በሚሄድ ቢት ላይ አስቀመጥነው። ድምፃዊታችን የመጨረሻውን ቤት ስትቀዳ አለቀሰች፤ እኛም ይህ ዘፈን አልበሙን እንደሚሸከመው ተማመንን።

«ማን ሞተ?»

ዘፈኑን ለአባቴ ያሰማሁት እሑድ ማታ ነበር። በረንዳው ላይ የላስቲክ ጠረጴዛው አለ፤ በላዩ ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይና ማንኪያ አለ፤ እናቴ ውስጥ ሆና ዕቃ ታጥባለች። ሞባይሌን ከፈትኩና የጆሮ ማዳመጫውን ሁለቱንም አጠለቅሁለት። ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ፊቱን እያየሁ እንባ መጠበቅ ጀመርኩ፤ ይህን አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ እሱ ነው፤ የገዛ አባቴን እንባ እንደ ሽልማት ስጠብቅ ነበር። ሁለት ደቂቃ ያህል ከሰማ በኋላ ከአንድ ጆሮው አወጣውና፣

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም፤ ስለ ባቡሩ ነው፤ አባዬ። ስለ አንተ ነው።»

«ስለ እኔ?» ሁለተኛውንም አወጣው። «እኔ መቼ እንዲህ አልኩ?»

አላልክም፤ ግን ዝም ስትል አይሃለሁ አልኩት። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ዝም ትላለህ፤ እዚህ ቁጭ ብለህ ወደ ጣቢያው በኩል ታያለህ፤ ይህ ኀዘን ካልሆነ ምንድን ነው? አባቴ ትንሽ አሰበና፣ «ዝም የምለው ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው» አለ። «ወዲያ የማየው ደግሞ ወዲህ ፀሐዩ ዓይኔን ስለሚወጋኝ ነው።» ከውስጥ የእናቴ ሳቅ ተሰማኝ።

«ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ለሌሎች ሰዎችም ስጠቅሰው ኖሬያለሁ፤ እኔን ራሴን ፈልጎ እንዲህ ያገኘኛል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። አባቴ የነበረውን ነገር ሳልጠይቀው፣ ለሌለው ነገር ሙሾ አውጥቼለታለሁ። ይባስ ብዬም ሙሾውን ሊሰማልኝ፣ አልፎም ሊያለቅስልኝ ጠብቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው አልበሙን የቀየረው። አባቴ የሻይ ማንኪያውን አነሣና «እንዲህ ነበር» ብሎ ብርጭቆውን መታ፦ ታክ-ታክ፣ ታክ-ታክ። ትንሽ ቆየና ደገመው፦ ታክ-ታክ፣ ታክ-ታክ። በግራ እጁ ጣቶች ጠረጴዛውን ይደበድባል፤ በቀኙ ብርጭቆውን ይመታል። ሐዲድ፣ አለኝ፣ አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ ቁራጭ ከቁራጭ ጋር እየተጋጠመ የሚሄድ ነው፤ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ብረቱ በሙቀት ሲለጠጥ የሚገባበት ትንሽ ክፍተት ይተዉለታል። እንደ ድሬ ባለ ሙቀት ያ ክፍተት ባይኖር ሐዲዱ ይጎብጣል። ፉርጎው በዚያ ክፍተት ላይ ሲያልፍ የአንዱ ፉርጎ የኋላ ሁለት ጥንድ ጎማዎች ታክ-ታክ ይላሉ፤ ተከትሎ የሚመጣው ፉርጎ የፊት ሁለት ጥንድ ታክ-ታክ ይላሉ፤ ከዚያ የፉርጎው መሐል ሲያልፍ ዝም ይላል። «ሰዓት ከያዝክልኝ ድምፁን ቆጥሬ በስንት እየሄድን እንደሆነ ልነግርህ እችላለሁ። ባቡሩ ሲታመምም መጀመሪያ የምሰማው እዚህ ነው» አለና ብርጭቆውን በአንድ ቦታ ላይ አሳስቶ መታው፦ ታክ-ታክ፣ ታክ-ቷ። «ይኼ የተበላ ጎማ ነው።»

በዕድሜዬ ሙሉ ከድራመር ጋር እየኖርኩ፣ ከቤታችን ውስጥ 31 ዓመት ያጠና ድራመር መኖሩን አላወቅሁም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይህ ነው፤ ለጆሮም ይሠራል።

ምቱን እየመታ ማውራት ጀመረ። ከአዋሽ ወዲያ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ሲወጣ እንዴት እንደሚያቃስት፣ ከድሬ ወደ ጅቡቲ ቁልቁል ሲለቀቅ እንዴት እንደሚያፏጭ በእጁ አሳየኝ። ኤረር ላይ ብርቱካን በመስኮት የሚያቀብሉትን ሴቶች ነገረኝ፤ ባቡሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ መልስ ለማቀበል ከፉርጎው ጋር የሚሮጡትን። ቀጭን ሆነው ጅቡቲ ሄደው ወፍረው የሚመለሱትን ሴቶች ነገረኝ፤ አምስት ቀሚስ አንዱን ባንዱ ላይ ለብሰው በፊናንስ ፖሊስ ፊት እያላባቸው የሚያልፉትን። ባቡር በሚገባበት ሰዓት ጣቢያው ዘመድ በሚቀበል፣ ዕቃ በሚጠብቅ፣ ምንም ሥራ ሳይኖረው ሊያይ በመጣ ሰው እንዴት ይሞላ እንደነበር ነገረኝ። የከተማችንን ታሪክ ሲያነሣ እንደ ሁሉም የምድር ባቡር ሰው ትንሽ ይኮራል፦ ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላቃተው በ1895 እዚህ ሜዳ ላይ አረፈ፤ ድሬም በእሱ ተወለደች፤ «አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በ1909 ነው፤ ከእኛ 14 ዓመት ዘግይታ።» ይህን ሁሉ ሲያወራ እጁ ምቱን አልሳተም። እኔ ሞባይሌን ገልብጬ ድምፅ መቅጃውን ከፈትኩ።

በመጨረሻ «ታዲያ እናንተ የዘፈናችሁት የቆመውን ባቡር ነው» አለኝ። «እኔ የማውቀው የሚሄደውን ነው።»

ነገሩን ከልክ በላይ ላሳምረው አልፈልግም። በማግስቱ እናቴ ለብቻዋ ስታገኘኝ፣ ባቡሩ እንደቆመ ሰሞን አባቴ ጠዋት ጠዋት ልብሱን ለብሶ እስከ ጣቢያው እየሄደ ይመለስ እንደነበር ነገረችኝ። ለምን እንደሚሄድ አልጠየቀችውም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ስለዚህ አባቴ አላዘነም ማለት አልችልም። ማለት የምችለው፣ ሊያስታውሰው የመረጠውን ነገር እሱ ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ምርጫውን ቀምቼው ነበር።

ባቡር አያነክስም

በሚቀጥለው ልምምድ የቀዳሁትን ድምፅ ለባንዱ አሰማሁ። ድራመሩ ሁለት ጊዜ ከሰማው በኋላ ምንም ሳይናገር ዱላውን አነሣ። ድምፃዊታችን ግን ተቃወመች፤ እኔም ብሆን እቃወም ነበር። ያ ዘፈን ያስለቀሳት ዘፈን ነው፤ ሰው ያለቀሰበትን ነገር ለጭፈራ አሳልፎ መስጠት ከባድ ነው። ሊድ ጊታራችን ደግሞ ሌላ ነገር አነሣ፦ «የዘይቱ ዋጋ እዚህ ደርሶ፣ ሰው ይህን ያህል እየተጨነቀ፣ እኛ ደስ ብሎናል ብለን ብንወጣ አይሰድቡንም?» ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። የደስታ ዘፈን ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ሊያስረሳ ይችላል። ነገር ግን የኀዘን ዘፈንም ውሸት ሊሆን እንደሚችል እኔ በገዛ ዘፈኔ አይቻለሁ፤ የዚህኛው ውሸት የሚከፋው ማንም የማይጠረጥረው በመሆኑ ነው።

ደግሞስ ሐዘንና ጭፈራን አጥር አበጅቶ የለያቸው ማን ነው? ሠርግ ቤት ሄዳችሁ እስክስታ የሚወረድባቸውን ዘፈኖች ግጥም ብቻ ለይታችሁ ብታነቡ፣ ግማሾቹ ስለ ተለየ፣ ስለ ራቀ፣ ስለ ቀረ ሰው የሚያወሩ ናቸው። ሙሽራው ፊት «ሄደች፣ ተለየችኝ» እየተባለ ይጨፈራል፤ ማንም ግራ አይገባውም። ይህ ከተማ ያሳደገው ዓሊ ቢራ እንኳ መጠሪያው የተገኘው ልጅ ሳለ በአፍራን ቀሎ ባንድ ውስጥ ከዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው፤ ቢራ በኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ነው። ስሙ ራሱ የብራ ስም ሆኖ ሳለ፣ ከዘፈኖቹ ውስጥ ሆድ የሚያባቡት ጥቂት አይደሉም።

ቀጥሎ የገጠመን ችግር የምት ነበር። ዘፈናችንን ስናፈጥነው እጃችን በራሱ ጊዜ ወደ ችክችካ ሄደ፤ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ በደማችን ያለ ነው፤ እሱን ለመጫወት ማሰብ አያስፈልገንም። የአባቴን ብርጭቆ ከላዩ ላይ ስናስገባ ግን ሁለቱ ተጋጩ። ችክችካ ውበቱ ማነከሱ ነው፤ አንዱን እግር ረዘም፣ ሌላውን አጠር አድርጎ ይረግጣል። ባቡር አያነክስም፤ ካነከሰ፣ አባቴ እንዳለው፣ ጎማው ተበልቷል። ሦስት ሌሊት ከታገልን በኋላ ድራመራችን ችክችካውን ሃይሃት በሚባሉት ጥንድ ጸናጽሎች ላይ ብቻ አስቀረና የባቡሩን አራት ምት በእግሩ ወደ ኪኩ፣ ወደ ትልቁ ከበሮ፣ አወረደው። ላይኛው ያነክሳል፤ ታችኛው አያነክስም። ቤዙ ከሁለቱ የቱን ይከተል ለሚለው ብዙ ከተከራከርን በኋላ ባቡሩን ተከተልኩ። ክሊኩን፣ ማለትም በጆሯችን ምት የሚቆጥርልንን ድምፅ፣ በደቂቃ 138 ላይ አቆምነው። ቅኝቱን ደግሞ ወደ ትዝታ ሜጀር ስናዞረው የተቀየሩት ያው ሁለት ድምፆች ናቸው፤ ግማሽ ቶን ከፍ አሉ፤ መስኮት የተከፈተ ያህል ሆነ። ከግጥሙ ግን የቀየርኩት አንድ ስንኝ ብቻ ነው፤ ባንዲራውን ጠቅልሎ የያዘው ሰው አሁን ያውለበልበዋል። ዝገቱ እንዳለ ነው።

ድምፅ የምንቀዳው ሌሊት ነው፤ ቀን የባጃጅ ጡሩምባ አያስቀዳም። ክፍላችን ውስጥ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለናል፤ በድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ ለሌላ ነገር አያገለግልም። ማይኩ ሲከፈት ቬንትሌተሩ ይጠፋል፤ ድምፁ ይገባልና። ስለዚህ በደስታ የሚዘፈነውን ዘፈን ድምፃዊታችን የቀዳችው አንገቷ ላይ እርጥብ ፎጣ ጠምጥማ፣ በእያንዳንዱ ቤት መሐል ወደ ውጭ እየሮጠች ነው። አራተኛው ሙከራ ላይ መብራት ጠፋ። አምስተኛው ላይ፣ ሦስተኛውን ቤት ስትጀምር፣ ሳታስበው ሳቀች። ሳቋን አላወጣነውም፤ ጆሮ ያለው ሰው በሁለተኛው ደቂቃ መጨረሻ ላይ ያገኘዋል። አባቴን ራሱን አምጥተን ብርጭቆውን እንዲመታ አስበን ነበር፤ «ክሊክ» የሚባለውን በጆሮው ሲሰማ «ይኼ ሰውዬ ቸኩሏል» ብሎ እምቢ አለ። የገባው ያው በረንዳው ላይ በሞባይል የቀዳሁት ነው፤ የእናቴ የዕቃ ማጠብ ድምፅም አብሮ አለበት።

ሌሎቹን ዘፈኖችም ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ እያወጣን መረመርናቸው። የማንን ኀዘን ነው የምንዘፍነው? ጠይቀነዋል? ሁለቱ ከፈተናው ተርፈው እንደ ነበሩ በዝግታ ቀርተዋል፤ አንደኛው የድምፃዊታችን የራሷ ነው፤ ሌላው የእኔ። የባቡሩን ጨምሮ ሰባቱ ተለወጡ።

አዲጋላ ላይ

በ2009 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። አባቴ አንድ ጊዜ ተሳፍሮበታል፤ ንጹሕ ነው፤ በኤሌክትሪክ ነው፤ አይቃጠልም፤ አይታመምም፤ አለ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ስጠይቀው «አያወራም» ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

አልበሙ የወጣ ዕለት ዘፈኑን ወደ ሞባይሉ ላኩለት። ፍላሽ ከሰጠናቸው ሾፌሮች መካከል ያ «ደህና ናችሁ ግን?» ያለኝ ሰውም አለ፤ እስካሁን ፍላሹን አልመለሰልኝም፤ እንደ ሙገሳ ልቁጠረው ወይስ ጠፍቶበት እንደሆነ ልጠይቀው አላወቅሁም። ባለፈው ቅዳሜ ግን አባቴ ቤት ስደርስ ሁለት የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሞባይሉን ድምፁ እንዲጎላ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁመውታል። ሦስቱም በጠረጴዛው ላይ ይመታሉ፤ አባቴም ዘፈኑ ሲሄድ በዚያው ፍጥነት ጣቢያዎቹን ይጠራል፦ «ሽንሌ… ሐረዋ…» ወዳጆቹ አንዳንድ ቦታ ላይ ገና አልደረስንም እያሉ ይከራከሩታል። ዘፈኑ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። ሲያልቅ አባቴ እጁን ከጠረጴዛው ሳያነሣ ወደ እኔ ዞረ።

«አዲጋላ ላይ አቆማችሁብን» አለ። «አይሻ አለ፤ ደወሌ አለ፤ ጅቡቲ እስክንደርስ ገና ስንት ይቀረናል። አይረዝምም?»